ከማማዬ ላይ የጮኸው ፈረንጅ

ቆቦ ገበያ ላይ ስለ እኔ ብትጠይቁ ሁለት ነገር ይነግሯችኋል። አንደኛ፣ ያ ሽማግሌ ግትር ነው ይሏችኋል፤ እሱ እውነት ነው፣ አልከራከርም። ሁለተኛ፣ ያንን የፈረንጅ ጩኸት ሲሰማ ሲሰማ ትንሽ ነካ አድርጎታል ይሏችኋል። እሱ ውሸት ነው። ጩኸቱን የምሰማው በሙሉ ጤንነቴ ነው። ስላልሰማሁ ያመመኝ ጊዜ ግን አለ፤ የምነግራችሁም የሱን ነገር ነው።

ከሥሩ ልጀምር።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ግድም እዚህ ቆላው ላይ ጥልቅ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሰዎች መጡና እኔን ዘበኛ አድርገው ቀጠሩኝ። ከመካከላቸው አንድ ፈረንጅ ነበር፤ ቁመቱ ከመቆፈሪያው ማሽን ስለማያንስ «ረጅሙ» እንለው ነበር። ረጅሙ ማሽኑ ሲያጓራበት ይውልና፣ ማሽኑ ሲጠፋ ደግሞ ቴፑን ይከፍታል። ከቴፑ የሚወጣው ያው ማሽኑ ነው። ይህ ሰው ሥራውን ከመውደዱ የተነሣ የማሽኑን ድምፅ ቀድቶ በዕረፍቱም ይሰማዋል ብዬ በጣም አደነቅኩት። ውስጡ ሰው እንዳለ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ይዘፍናል እንዳልላችሁ፣ ቤቱ ተቃጥሎበት ጎረቤት የሚጠራ ሰው ነው የሚመስለው። ከሥሩ ከበሮ አለ፤ የአንድ አገር በሬ በሙሉ ቁልቁለት ሲወርድ እንደዚያ ነው። ከጎኑ ደግሞ አንዱ ተቀምጦ ብረት በብረት ይሞርዳል።

የሙዚቃውን ስም ጠየቅኩ። አስተርጓሚው «ሄቪ ሜታል ይባላል፤ ከባድ ብረት ማለት ነው» አለኝ። ስሙን ያወጣለት ሰው ሰምቶ ነው ያወጣው። ሌላም ዓይነት ነበረው፤ እሱ የማይጮህ ግን የማያልቅ ነው። ይኼኛውስ ስል «ፕሮግረሲቭ ሮክ» አለኝና፣ ምን ማለት ነው ስለው አሰበ፣ አሰበ፣ «እንጃ፣ ወደፊት የሚሄድ ድንጋይ ቢሆን ነው» ብሎ ራሱ ሳቀ።

በመጀመሪያው ሳምንት ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ከተትኩ። በሁለተኛው ሳምንት አንዱን ጥጥ አወጣሁ። ወር ሲሞላ ረጅሙ ሳይከፍት ከዋለ «ዛሬ ምነው ዝም አላችሁ? አመማችሁ?» የምለው እኔ ሆንኩ። ምን እንደወደድኩለት ብትጠይቁኝ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲያናድደኝ ውጬ ዝም ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ያ ሰውዬ በእኔ ፈንታ ይጮህልኛል። ሲጨርስ ሆዴ ቀለል ይለኛል፤ ከሰው አልተጣላሁ፣ ጉሮሮዬም አልተጎዳ።

ሥራቸው አልቆ ሲሄዱ ለአንዱ ቦት ጫማ፣ ለአንዱ የብረት ቆብ ሰጡ። ለእኔ ረጅሙ ቴፑንና አንድ ካርቶን ሲዲ ሰጠኝ፤ ሠላሳ ሰባት ሲዲ። ያን ቀን ሁሉም ሳቁብኝ። ቦት ጫማው በዓመቱ ተቀደደ፤ የብረት ቆቡ ላይ ዛሬ ዶሮ ትታቀፍበታለች። የኔው እስካሁን ይጮኻል።

የፈረንጁን ፊደል አላውቅም። አማርኛውንም የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ አንድ ገጽ ለማንበብ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ስለዚህ ለሲዲዎቹ እንደ ከብት ስም አወጣሁላቸው። የራስ ቅል የተሳለበት «ወፍጮው» ነው፤ ሲጀምር ልክ የከተማው ወፍጮ ቀበቶው ሲገባለት ነው። «ጎርፉ» አለ፤ መጀመሪያ ከሩቅ ይሰማል፣ ከዚያ ጎሊና ወንዝ ከተራራው ሞልቶ ሲመጣ ግንዱንም ድንጋዩንም እንደሚያመጣው ነው። «ከሳሹ» አለ፤ ሰውዬው በዝግታ ጉዳዩን ያስረዳል፣ ያስረዳል፣ የሚሰማው ሲያጣ ወንበር ይሰብራል። ከማያልቁት ውስጥ ደግሞ «አውቶቡሱ» አለ። አንዱ ዘፈን ብቻ የሲዲውን ግማሽ ይበላል። ከቆቦ ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ነው የሚመስላችሁ፤ ጉዞው ተጀመረ ስትሉ ጎብዬ ላይ ይቆማል፣ አለቀ ስትሉ ወልዲያ ላይ ቁርስ ሊበላ ነው፤ ደግሞ ይነሣል። በመሀሉ ዋሽንት የሚመስል ነገር ያሰማል። ያን ሲዲ ብዙም አልወደውም ነበር። ጩኸት የሌለው ነገር ለእኔ ጨው የሌለው ወጥ ነው።

ባለቤቴ ደብሬ ስለ ሠላሳ ሰባቱም አንድ አሳብ ነው ያላት። «ይህን ሰውዬ ሐኪም ቤት የሚወስደው ዘመድ የለውም?» ትላለች። አንድ ጊዜ የነፍስ አባታችንን ጠርታ ካርቶኑን አሳየቻቸው። እሳቸውም የወፍጮውን ራስ ቅል አይተው ፊታቸውን አጨማደዱ። እኔም «አባ፣ በስቅለቱ ሥዕል ላይ ከመስቀሉ ሥር ያለው የአዳም ራስ ቅል አይደለም እንዴ? እዚያ ሲሆን ይሳለማሉ፣ እዚህ ሲሆን ያማትባሉ?» አልኳቸው። ወደ ደብሬ ዞረው «ልጄ፣ መስቀልሽ ይኼ ነው፤ ቻይው» ብለዋት ሄዱ። ካርቶኑን ይሁን እኔን ማለታቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እንግዲህ ዘንድሮ ማሽላው መልካም ሆነ። በሰዓቱ ዘነበ፣ ጎርፉም በልኩ መጣልን፤ ጅጉርቲ የምንለው የማሽላ ዘር ከሰው ቁመት አልፎ ራሱን ደፋ። ማሽላ ወተት ሲቋጥር ደግሞ ለኛ ቆላ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። ግሪሳ ነው። አንዱን ወፍ ብታዩት ጣት አያክልም፤ ሲመጣ ግን ደመና ሆኖ ነው። ያረፈበት ማሳ ከቀትር በፊት አገዳ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን እያንዳንዱ ሰው በየማሳው መካከል በእንጨት ከፍ አድርጎ በሠራው ማማ ላይ ወጥቶ፣ ጅራፍ እያጮኸ ወንጭፍ እየወነጨፈ ይውላል።

በመሀሉ ሮቢት ላይ ዘመድ ሞቶብኝ ለቅሶ ሄድኩ። ሦስት ቀን ቆየሁ። ወፉን ለደብሬ አደራ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን በባጃጅ ስመለስ፣ የኛ ሜዳ ጋ ስንደርስ አንድ ማሳ ከሩቅ ያብለጨልጫል። ፀሐዩ ሲያርፍበት መሬቱ ላይ ከዋክብት የፈሰሱ ነው የሚመስለው። ባጃጁ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን አወጡ። እኔም አፌ አያርፍምና ንግግር ጀመርኩ። ይኼ ነው ገበሬ አልኩ። ወፍ የሚያብለጨልጭ ነገር እንደሚፈራ የግብርናው ሠራተኛ ስንቴ ነገረን፣ ማን ሰማው፤ ይኸው አንድ ጭንቅላት ያለው ሰው ሰማና አደረገው፤ የዚህ ሰው እጁ ይባረክ አልኩ። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ የማን ማሳ ነው አለኝ። ልነግረው አፌን ስከፍት ማማውን አየሁት። ማማው የኔ ነው። ማማው ላይ የተቀመጠችው ደብሬ ናት።

ያን ጊዜም አልገባኝም። ሚስቴ እንዲህ ያለች ብልህ ኖራለች ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ወርጄ ማሳው ዳር ስደርስ ነው አንዱ የሚያብለጨልጭ ነገር በነፋስ ዞሮ ያየኝ። ያየኝ ስላችሁ በእውነት ነው፤ የራስ ቅሉ ነው። ወፍጮው ነው። መሀሉ ባለው ቀዳዳ ሲባጎ ገብቶለት ከማሽላው ራስ ላይ ተንጠልጥሏል። ከጎኑ ጎርፉ። ከዚያ ወዲያ ከሳሹ፣ ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ።

ማሳው ዳር ቁጭ አልኩ።

ደብሬ ከማማው ላይ ሆና «እንዴት ነው፣ አላማረም?» አለችኝ።

«ደብሬ፣ ምን አደረግሽኝ?»

«ምን አደረግኩህ? ማሽላህን አተረፍኩልህ። ሁሉም ያው ጩኸት ነው። አንዱ ይበቃህ የለም? እሱን ቴፑ ውስጥ ትቼልሃለሁ።»

እኔም ብዙ ተናገርኩ፤ ሁሉንም አልደግመውም። የመጨረሻው ግን ዕዳ ሆነብኝ። «ተሰቅለው ከሚጠብቁት ጮኸው የሚጠብቁት ይበልጣል!» አልኩ። አንዳንዴ ከአፌ የሚወጣውን እኔም ከሰው እኩል ነው የምሰማው። ደብሬ ከማማው ላይ ወረደች፤ ጅራፉን እጄ ላይ አስቀመጠችና እንዲህ አለች፦

«እሺ አንተ ሰውዬ። አውርዳቸው። ግን አንድ ራስ ማሽላ ብትበላ፣ መልሰህ የምትሰቅላቸው በገዛ እጅህ ነው። ተሰቅለው የሚቆዩትም ማሽላው እስኪታጨድ ሳይሆን ዝገት እስኪበላቸው ነው።»

ሲዲ ይዝጋል ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ። በዚያች ሰዓት እኔም አልጠየቅኩም። እሺ አልኩ።

ሠላሳ ስድስቱን አንድ በአንድ ፈትቼ በጋቢዬ ጫፍ ጠርጌ ካርቶናቸው መለስኳቸው። በማግስቱ ጧት ቴፑን ይዤ፣ ስድስት አዲስ የባትሪ ድንጋይ አጉርሼ ማማ ላይ ወጣሁ። ቴፑ ውስጥ ያለውን አውጥቼ ከሳሹን አስገባሁ። ግሪሳው መጣ። ከሳሹ ጮኸ። ግሪሳው ማሽላው ላይ አረፈ። ከሳሹ ወንበር ሰበረ። አንዲት ወፍ መጥታ ቴፑ ላይ ቁጭ አለች። እውነቴን ነው፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ከደብሬ ይልቅ ታዳምጠዋለች። ሌላ ቀን ቢሆን ባልተነካች ነበር፤ ያን ቀን ግን በጅራፉ አባረርኳት።

ጥፋቱ የሰውዬው አይደለም፤ የቴፑ ማነስ ነው ብዬ ቆረጥኩ። ከተማ ገባሁና የሠርግ ድንኳን ከሚያከራየው ሰው ሞንታርቦ ለመንኩ። የሠርግ ሰሞን ስላልሆነ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ምን ልታደርግበት ነው ሲለኝ ለማሽላ አልኩት፤ ሌላ አልጠየቀኝም፣ ሰዉ ስለኔ የነገረው ነገር ይኖራል። ሰው የሚያክለውን ሞንታርቦ ከመኪና ባትሪ ጋር በጋሪ አስጫንኩ፣ በገመድ ማማው ላይ ሰቀልኩት፣ አፉን ወደ ሜዳው አዞርኩት። ከቴፑ ጋር አያያዝኩና ወፍጮውን አስገባሁ።

ወፍጮው ሲጀምር ሙዚቃ የለውም። መጀመሪያ ሰውዬው ብቻውን፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ፣ አንድ ረጅም እሪታ ይጮኻል። ከበሮው የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።

እሪታው ከሞንታርቦው ሲወጣ ማማው ተንቀጠቀጠ። ግሪሳው እንደሚራገፍ ብርድ ልብስ በአንድ ጊዜ ከማሽላው ተነሣ። ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲህ ሲነሣ አላየሁም። አንድም ወፍ አልቀረ። ደስታ አናቴ ላይ ወጣ። ዘፈኑን ወደ መጀመሪያው እየመለስኩ ደግሜ ደጋግሜ አስጮህኩት፤ እኔም ማማው ላይ እጄን እያወናጨፍኩ፣ ትከሻዬን እየሰበቅኩ፣ እየዘለልኩ ጨፈርኩ። ጋቢዬ ወደቀ። አላነሣሁትም።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እኛ ዘንድ እሪታ የሰማ ይደርሳል። የሚያርስ ሞፈሩን፣ የሚበላ ጉርሻውን ጥሎ ዱላውን ይዞ ይደርሳል። ምን ሆንክ ተብሎ የሚጠየቀው ከደረሱ በኋላ ነው። ሰምቶ የቀረ ሰው ልጁን የሚድርለት አያገኝም። ይህን ሁሉ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስሮጥ የኖርኩ ነኝ። በዚያች ጧት ግን ከጭንቅላቴ ጠፋ። ለእኔ የወፍጮው ድምፅ እሪታ መሆኑ ከቀረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት አያ ሰይድን ነው፤ ማሳው ከማሳዬ ጋር ድንበርተኛ የሆነው ጎረቤቴ ነው። ሽርጡን ወገቡ ላይ ሸጉጦ፣ ዱላውን ይዞ በማሽላው መካከል ይበራል። ከኋላው ሌሎች አሉ። ከዋጃ መንገድ በኩል አንድ መንጋ ሰው ይመጣል። ሴቶቹ እሳት መስሏቸው በጀሪካን ውሃ ይዘዋል። ወደ ገበያ የሚያልፍ ግመል ነጂ ሳይቀር ግመሎቹን ትቶ ይሮጣል።

እኔስ ምን መሰለኝ? ሊሰሙ የመጡ መሰለኝ። ይኸው በመጨረሻ ገባቸው አልኩ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የሰው ጆሮ ተከፈተ አልኩ። ኑ፣ ኑ፣ ብዬ በሁለት እጄ ጠራኋቸውና ድምፁን ጨመርኩላቸው። እነሱ ደግሞ ከሩቅ ሲያዩኝ ማማ ላይ ከማይታይ ነገር ጋር የሚታገል ሽማግሌ፣ ያውም ጋቢው የተገፈፈ፣ በሁለት እጁ የሚጣራ ነው የሚያዩት። እሪታው በበረታ ቁጥር ሩጫው ባሰ።

አያ ሰይድ ማማው ሥር ደርሶ «የታለ? የታለ?» ይላል። ድምፁን ዘጋሁት። ሜዳው ሁሉ ጭር አለ። የሚሰማው የሰው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ማነው የጮኸው?» አለ ሰይድ።

«ፈረንጅ ነው።»

«የት አለ?»

«ቴፑ ውስጥ።»

ሰይድ ዱላውን መሬት ላይ ተከለ። ሊስቅ ይሁን ሊመታኝ ሳይወስን አንዲት ሴት ከኋላ ወደ ሜዳው ጠቆመች። ሁላችንም ዞርን። በየማሳው ያለው ማማ ሁሉ ባዶ ነው፤ ባለቤቶቹ እኔን ሊያድኑ መጥተዋል። ከእኔ ማሳ የተነሣው ደመና ደግሞ በዝግታ፣ ያለ ምንም ችኮላ፣ እዚያ ላይ እያረፈ ነው።

ተመልሰው የሮጡት ሩጫ ከመጡት ይበልጣል። እኔም ጅራፌን ይዤ አብሬ ሮጥኩ። እስክንደርስ ግን የተበላው ተበልቷል። ከሁሉም የተጎዳው ሰይድ ነው፤ በድንበራችን በኩል ያለው አንድ ጥግ አገዳ ብቻ ቀረ። የኔ ማሳ ላይ አንድ ራስ አልተነካም። ደብሬን ረታኋት። እንደዚያ ቀን መርታት ያሳፈረኝ ጊዜ የለም።

በማግስቱ ዳኝነት የሚታይበት ሾላ ሥር ተጠራሁ። በሐሰት እሪ ያለ ሰው፣ ሰምቶ ለደረሰው ሁሉ ይክሳል፤ የአባቶቻችን ሕግ ነው። በዳኝነት የተቀመጡት አባ ገብሬ ናቸው። ዕድሜያቸውን እሳቸውም አያውቁትም፤ ትናንት ግን እሳቸው ራሳቸው ምርኩዛቸውን እየመቱ ግማሽ መንገድ ደርሰው ነበር አሉ። ሠላሳ ስድስት አባወራ ዙሪያዬን ተቀምጧል። ደብሬ ከሴቶቹ ጋር ከዳር ናት።

አባ ገብሬ ያለህን ተናገር አሉኝ። ቆምኩ። አስቤበት አልነበረም።

«አባ ገብሬ፣ የጮህኩት እኔ አይደለሁም። ጩኸቱም የሐሰት አይደለም። ያ ሰው ምን እንዳገኘው ቋንቋውን ስለማላውቅ ልነግራችሁ አልችልም። ግን እንዲያ የሚጮህ ሰው አንድ ነገር ሳይሆን አይጮህም። ሲጮህ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እስከ ትናንት ድረስ የደረስኩለት እኔ ብቻ ነኝ።»

ከዚያ ግመል እንደሚያጓራ ሳቅ ከአንድ ጥግ ተነሣና ሾላውን ሞላው። አባ ገብሬም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ዳኛው ሲስቁ ይምሩኛል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። እሳቸው ግን እንባቸውን ጠርገው ፈረዱ። እኔ ያለኝ የሚያብለጨልጭ ነገር እንደሆነ ሰምተዋል፤ ደብሬ ሰቅላው ሰው ሁሉ አይቶታል። ስለዚህ እሪታውን ሰምቶ ማሳውን ትቶ የደረሰ አባወራ ሁሉ፣ ወፍ የሚጠብቅለት አንድ አንድ ሲዲ ከካርቶኔ ይወስዳል። ሠላሳ ስድስት አባወራ፣ ሠላሳ ስድስት ሲዲ።

ከጎኔ ሲወስዷቸው ቆሜ አየሁ። ጎርፉን አንድ ወጣት አባወራ ወሰደው። ከሳሹን ሰይድ ወሰደ። ወፍጮውን ማን ወሰደው ብትሉኝ፣ አባ ገብሬ ራሳቸው ናቸው፤ እኔም ግማሽ መንገድ ደርሻለሁ አሉ። አንድ ሰው ብቻ፣ አሁን ካርቶኑ አለቀ ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔ አፌን ስከፍት ደብሬ ከዳር «አልቋል» አለች።

ቤት ስገባ አልጋው ላይ ተኛሁ። ትኩሳት የለኝም፣ ቁርጥማት የለኝም፤ ግን አመመኝ። ሁለት ቀን እንዲያ ሆንኩ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጓዳ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ዋሽንት የሚመስል ነገር ነው። ብድግ ብዬ ሳይ ደብሬ ቴፑን ከፍታ ጥጥ ትፈትላለች። አውቶቡሱ ነው። ያ ከሠላሳ ሰባቱ ትታልኝ የነበረው፣ ከሾላው ሥር አልቋል ብላ ያስቀረችው፤ እኔም ከሳሹን ሳስገባ ማማው ላይ የጣልኩት።

«ይህን ለምን ለየሽው?» አልኳት።

ዓይኗን ከእንዝርቷ ሳታነሣ መለሰች። እኔ ሮቢት ስሄድ ቤቱ ጭር አለባትና አንድ በአንድ ሞከረቻቸው። «ይኼኛው አይጮህም። ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ጠፋ ስትል ይመለሳል። እንዳንተ ነው» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አውቶቡሱን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሳልወርድ ተሳፈርኩ። ወልዲያ ላይ ቁርስ የሚበላ የመሰለኝ ለካ ዋሽንቱ እስኪመጣ እየጠበቀ ኖሯል። ደብሬ ዋሽንቱ የሚመጣበትን ቦታ ታውቀዋለች፤ ከመምጣቱ በፊት እንዝርቷን ታቆማለች።

ከዚያ ወዲያ ተነሣሁ። በየቀኑ በየማሳው እየዞርኩ ሲዲዎቼን እጠይቅ ጀመር፤ ሰው ታሞ እንደሚጠየቅ። አቧራቸውን እጠርጋለሁ፣ የላላውን ሲባጎ አጠብቃለሁ። ወፎቹ ፈሩ ወይ ካላችሁኝ፣ ሁለት ቀን ፈሩ። በሦስተኛው ቀን ፊታቸውን ሲያዩበት አግኝቻቸዋለሁ። ማሽላውን ያተረፈው ያው ጅራፍና ወንጭፍ ነው። የሰይድንም ማሳ ከኔው ጋር አብሬ እጠብቅለት ነበር፤ ይህን ማንም አልፈረደብኝም። ሰዉ ግን ቀስ በቀስ ስማቸውን ለመደ። ጎርፌ ትናንት በነፋስ ወድቆ አደረ፣ የኔው ደግሞ ማን ነበር ስሙ፣ ይሉኛል።

ማሽላው ታጨደ፣ ተወቃ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አያ ሰይድ ከሳሹን በመሐረብ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። እንቅ አድርጌ ተቀበልኩት። እሱ ግን አልሄደም።

«ወንድሜ፣ ወላሂ ሁለት ወር ሙሉ ማሳዬ ላይ ተሰቅሎ ዋለ፣ አደረ። ምን እንደሚል ሳልሰማ ልመልሰው ደስ አላለኝም።»

እንግዲህ በዚህ ተጀመረ። ሠላሳ ስድስቱም እንደዚያ አሉ፤ ሁሉም የራሱን ሊሰማ ፈለገ። ቤቴ ስለማይበቃቸው ሞንታርቦውን እንደገና ለምኜ አውድማው ላይ ተከልኩት። ከማለዳ ጀምሬ በየቤቱ እየዞርኩ፣ ዛሬ እሪታ ብትሰሙ የደስታ ነውና እንዳትሮጡ ብዬ አስጠነቀቅኩ። ደብሬ ንፍሮ ቀቀለች። ሰዉ በማሽላ ገለባ ላይ ተቀመጠ።

ከሳሹ ሲጮህ ሰይድ ራሱን እየነቀነቀ፣ እውነቱን ነው፣ ሰውዬው ተበድሏል አለ። ጎርፉ ከነፋሱና ከአቧራው ተጭሮ ኖሮ አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ያንኑ ይደጋግማል፤ ባለቤቱ ግን ተቆጣ፣ ከኔ ማሳ ላይ የተማረው ነው እንዳትነኩት አለን። አውቶቡሱን ያስከፈተችው ደብሬ ናት። ይህ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሾላው ሥር የጠየቀው ሰውዬ ብቻ ደብሬን አየት አድርጎ ንፍሮውን መዝገን ቀጠለ።

በመጨረሻ አባ ገብሬ ወፍጮውን ከብብታቸው አወጡ። አስገባሁት። እሪታው ሲወጣ፣ ይህን ሁሉ አስጠንቅቄም፣ የሁሉም እጅ ወደ ዱላው ሄደ። ግማሾቹ ብድግ አሉ። ከዚያ እርስ በርስ ተያዩና እየሳቁ ተቀመጡ። ከበሮው ገባ። አባ ገብሬ ምርኩዛቸውን ከከበሮው ጋር መሬት ላይ ይመቱ ጀመር፤ አልተሳሳቱም።

በዚህ መሀል ከጎሊና በኩል አንድ የማናውቀው ሰው ዱላውን ይዞ፣ ላቡ በደረቱ እየወረደ፣ እየሮጠ አውድማው ውስጥ ገባ። የሌላ ቀበሌ ሰው ነው፤ ማስጠንቀቂያዬ አልደረሰውም። መናገር አቅቶት በዱላው ወደ ሞንታርቦው ያመለክታል።

አያ ሰይድ ገለባው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

«አብሽር ወንድሜ፣ ቁጭ በል» አለው። «ደርሰንለታል።»